ጃፓንን የመሆን ምኞት

እንጦጦ ፓርክ የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። አዘጋጃችን የምረቃውን ዕለት አስታኮ «ስለ ተራራው አንድ ነገር ጻፍልን» አለኝ። ስለ ባሕር ዛፉ የተጻፈው ስለሚበቃ እኔ ወደ እንጦጦ ማርያም ዞርኩ። ዳግማዊ ምኒልክ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህች ደብር፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በየካቲት 1881፣ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ 76 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት አውጀው ነበር። ከደብሩ አጠገብ ያለው የምኒልክ እልፍኝ ዛሬም በጭቃ ተመርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ ቆሟል። ቶኪዮ ግን በዚያ ጊዜ ባቡር ከገባላት 17 ዓመት ሆኗት ነበር። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ያውም የፈረንሳይ ኩባንያ ንብረት።

የሁለቱ አገሮች ንጽጽር የቆየ ነው። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም. በጃፓን የሜጂ ዘመን ጀመረ። እኛ በ1888 ጣሊያንን አድዋ ላይ ስናሸንፍ እነሱ በ1897 የሩሲያን መርከቦች ሱሺማ ላይ አሰጠሙ። ስለዚህ ፊደል የቆጠረው የአዲስ አበባ ሰው ዓይኑን ወደ ምሥራቅ ቢያቀና አይፈረድበትም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና በወጣትነታቸው በ1911 ዓ.ም. ሲያርፉ ትተውት የሄዱትና በ1916 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የዚህ አስተሳሰብ ዋና ሰነድ ነው። የታሪክ ምሁራን «ጃፓናይዘርስ» የሚሏቸው እሳቸውንና መሰሎቻቸውን ነው።

እንደ ጃፓን የመሠልጠኑ ምኞት የተበላሸው የት ላይ ነው ቢባል፣ እኔ ጣቴን የምቀስረው ወደ ግብሩ ነው። የሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 የመሳፍንቱን ግዛት አፈረሰ። በ1873 በእህል ይከፈል የነበረውን የመሬት ግብር በጥሬ ገንዘብ አደረገው፤ ለባለመሬቱ የባለቤትነት ወረቀት ሰጠ፤ ግብሩንም በመሬቱ ዋጋ 3 በመቶ ቆረጠው። በ1876 የሳሙራዮቹን ቀለብ አቋርጦ በቦንድ ተካው። በዓመቱ በሳትሱማ ሸፈቱ፤ ከገበሬ ልጆች የተመለመለው አዲሱ ጦር ደመሰሳቸው። ብዙዎቹ የመንግሥት ፋብሪካዎችና ሌሎች ሥራዎች የቆሙት በዚህ ግብር ነው።

የእንጦጦ ሠራዊት ግን ደመወዝ አያውቅም። ገባር ይመራና ከገባሩ እህል፣ ማርና ጉልበት ይበላል። ግብሩ ግምጃ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ፋብሪካ የሚተከልበት ጥሪት ከየት ይምጣ? ይህን መንካት ደግሞ ዙፋኑን ያቆሙትን መኳንንትና ወታደሮች መንካት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ግን መጣ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሜጂውን አብነት አድርገው አረቀቁት፤ አጼ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ፈረሙበት። 55 አንቀጽ ነበረው፤ የገባሩን ሥርዓት አልነካም። በጥቂት ወራት ውስጥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን ይዘው ጃፓን ሄዱ፤ ያዩትንም በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳተሙት።

ከኅሩይ ጋር ልጅ አርአያ አበበ የሚባሉ የንጉሡ ዘመድ ነበሩ። ወጣት ናቸው፤ ጃፓን ልባቸውን ወሰደችው፤ የጃፓን ልጅ ማግባትም ተመኙ። ሱሚዮካ ቶሞዮሺ የተባለ የቶኪዮ ጠበቃ አማላጅነቱን ያዘ። በ1926 ዓ.ም. አጋማሽ የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ኩሮዳ ማሳኮ መመረጧ በጋዜጣ ወጣ። የአውሮፓ ጋዜጦች አበዱ። ጃፓን በኢትዮጵያ ለጥጥ እርሻ ሰፊ መሬት ተሰጣት ተባለ፤ የጥቁርና የቢጫ ሕዝብ ኅብረት ነጩን ሊነቀንቅ ነው ተባለ። ወራት ሳይቆይ ጋብቻው ፈረሰ።

ማን አፈረሰው? በእኛ ዘንድ የጸናው ወሬ «ሙሶሎኒ» ይላል። ጣሊያን እንዳኮረፈች አያጠያይቅም። ሆኖም ጥሎሹን ማን አቀረበ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አማላጁ የግል ጠበቃ ነው፤ ከጀርባው የነበሩትም የእስያን ኅብረት የሚሰብኩ ማኅበርተኞች እንጂ የጃፓን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልነበረም። ሁለቱም ቤተ መንግሥቶች ጉዳዩን የእኔ ነው አላሉም። ባለቤት የሌለው ሠርግ ለመፍረስ የሮምን ግፊት መጠበቁ ያጠራጥረኛል። የቶኪዮ ልብ የት እንደነበር በዓመቱ ታየ፦ በሐምሌ 1927 ሮም የነበረው የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ፣ መንግሥቱ በኢትዮጵያ ላይ የፖለቲካ ጥቅም እንደሌለው ለሙሶሎኒ ነገረው። የጃፓን ሕዝብ ተቆጣ፤ ለእኛ ያደሩ ብዙ ጃፓናውያን እንደነበሩ አይካድም። ቁጣው ግን መድፍ አልሆነም። በ1929 ዓ.ም. ጃፓን የኢትዮጵያን በጣሊያን መያዝ ተቀበለች። ብላቴን ጌታ ኅሩይም መስከረም 1931 ላይ በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ።

ከዚያ ሁሉ ሽር ጉድ ለተራው ሰው የደረሰው አቡጀዲ ነበር። በ1920ዎቹ የጃፓን ጥጥ ጨርቅ የአሜሪካንና የሕንድን እየገፋ ገበያችንን ይዞ ነበር። ዛሬ ከፓርኩ ቁልቁል ወርደው ሽሮ ሜዳ ቢገቡ፣ ሸማኔው በእጁ ከሠራው ጥበብ ጎን ከቻይና የመጣ፣ በማሽን የታተመ ቀሚስ በረከሰ ዋጋ ተሰቅሎ ያገኛሉ።

ምኞቱም አልሞተም። አቶ መለስ ዜናዊ ካይዘን የተባለውን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ከጃፓን ጠይቀው አስመጡ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ። ካይዘን የሚያስተካክለው ግን ከፋብሪካው በር ወዲህ ያለውን ነው። በማሳው በኩል ጭሰኝነት የተሻረው በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ነው፤ መሬቱም የሕዝብ ተብሎ በመንግሥት እጅ ገባ። የአማራ ገበሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መያዝ የጀመረው ከጃፓኑ ባለመሬት 130 ዓመት ያህል ዘግይቶ ሲሆን፣ በደብተሩ ማረስና ማውረስ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድለትም።