ከመጽሐፍ ጠባቂነት ወደ አንባቢ አገልጋይነት፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥልጠና ታሪክና የማድራስ ተሞክሮ

መግቢያ

አንድ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህሩ ሠልጥኖ እንዲመጣ ሁሉም ይጠብቃል። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት የሚረከበው ሰው ሥልጠና ያስፈልገዋልን ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ያመነታል። መጽሐፍ ቆጥሮ መረከብ፣ መደርደርና ቁልፍ መያዝ ምን ትምህርት ይጠይቃል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገሮች ለረዥም ዘመን ሰፍኖ ኖሯል። ስለዚህም ቦታው ሌላ የሥራ መደብ ላልተገኘለት ሰው መጠጊያ ሆኖ የቆየባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ እንዴት እንደተለወጠ ከታሪክ መመልከት ነው። በተለይም በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ቼናይ በምትባለው በማድራስ ከተማ፣ በ1929 የተጀመረው አጭር የሥልጠና ጊዜ ይመረመራል። ይህ ታሪክ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ሥልጠናውን የጀመረው ሰው ራሱ መምህር ነበር፤ የነበረበትም አገር ሀብቱ አነስተኛ፣ አንባቢው ጥቂት፣ የትምህርት ጥማቱ ግን ታላቅ ነበር። «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ፣ የቀሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብ።

የሥልጠናው አጀማመር

ከዚያ በፊት የቤተ መጻሕፍት ሥራ የሚለመደው እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ፣ ከአንድ አንጋፋ ሠራተኛ ሥር ሆኖ በማየት ነበር። ሙያውን በክፍል ውስጥ የማስተማር ሐሳብ ሥጋ የለበሰው በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ ነው። የኮሎምቢያ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሜልቪል ዱዊ በጥር ወር 1887 ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። በመጀመሪያው ዙር ከተቀበላቸው 20 ተማሪዎች መካከል 17ቱ ሴቶች ነበሩ። የኮሌጁ የበላይ ጠባቂዎች ደግሞ ሴቶች በኮሌጁ ክፍሎች ገብተው እንዲማሩ አይፈቅዱም ነበር። በዚህ ምክንያት የመማሪያ ክፍል ስለተከለከለ ትምህርቱ የተጀመረው በአንድ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። ክርክሩ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ በ1889 ከኮሎምቢያ ወጥቶ ወደ ኒውዮርክ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ኦልባኒ ተዛወረ።

ዱዊ ለሴቶች የሙያ በር መክፈቱ ቢታወቅም በሴቶች ላይ በፈጸማቸው ነውረኛ ድርጊቶችና በዘር አድልዎው ምክንያት የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2019 ስሙን ከሽልማቱ ላይ አንሥቷል። ሰውየው እንዲህ ቢሆንም የጀመረው ሥልጠና ሥር ሰዶ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

ሥልጠናው ወደ ሕንድ መሻገሩ

በምዕራብ ሕንድ የምትገኘው የባሮዳ ግዛት ገዥ ሣልሳዊ ሳያጂራኦ በ1906 በግዛታቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ እንዲሆን አወጁ። ሆኖም ፊደል የቆጠረ ልጅ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ የሚያነበው ካላገኘ የተማረውን መርሳቱ አይቀርም። ስለዚህ በ1910 ዊሊያም ቦርደን የተባለውን አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አስመጡ። ቦርደን በከተማና በገጠር ቤተ መጻሕፍትን ከማደራጀቱ ጋር በ1911 የሠራተኞች ማሠልጠኛ ክፍል ከፈተ። በ1915 ደግሞ የዱዊ ተማሪ የነበረው አሳ ዶን ዲኪንሰን በላሆር በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ሥልጠና ጀመረ።

እነዚህ ሁለት ጅምሮች የሚያስመሰግኑ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሁለቱም የተመሠረቱት ለጥቂት ጊዜ ከውጭ በመጣ ባለሙያ ላይ ነበር። ሥልጠናው ከአገሩ ሰው ልብ የሚፈልቅበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር።

የሒሳብ መምህሩ

ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን በ1892 ተወልዶ በማድራስ ሒሳብ ያጠና፣ የመምህርነት ሥልጠና ወስዶም በመንግሥት ኮሌጆች ያስተማረ ሰው ነው። በ1923 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሲፈልግ ወደ 900 የሚጠጉ አመልካቾች ቀረቡ ይባላል፤ ከእነርሱም በሙያው የሠለጠነ አንድም አልነበረም። ቦታው ለራንጋናታን ተሰጠና በጥር 1924 ሥራውን ጀመረ።

አዲሱ ሥራ አላስደሰተውም። ከተማሪዎች ጋር በጥያቄና በመልስ መዋል የለመደ መምህር፣ ጸጥ ባለ አዳራሽ ከመጻሕፍት ጋር ብቻውን መቀመጡ አሰለቸው። ወደ ማስተማር ልመለስ ብሎ ቢጠይቅ፣ አስቀድሞ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ሙያውን እንዲያጠና፣ ከዚያ በኋላም ካልወደደው ወደ ቀድሞ ቦታው እንደሚመለስ ተነገረው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የመጻሕፍት አመዳደብን ከበርዊክ ሴየርስ ተማረ፤ በአገሩም እየተዘዋወረ ከ100 የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍትን ጎበኘ። እዚያም ያየው ነገር ሐሳቡን ለወጠው። በሚገባ የተደራጀ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው፣ ሕፃኑና አዛውንቱ ሁሉ የሚማሩበት ትምህርት ቤት መሆኑን ተረዳ። እንግዲህ ከማስተማር አልራቀም፤ ይልቁንም ሰፋ ወዳለ የማስተማሪያ ሥፍራ ገብቷል ማለት ነው።

በ1925 ወደ ማድራስ ሲመለስ የቤተ መጻሕፍቱን የአገልግሎት ሰዓት አራዘመ፤ አንባቢው ራሱ ከመደርደሪያው መርጦ እንዲያነሣም ፈቀደ። ሆኖም አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ቢታደስ አገሩ እንደማይለወጥ ያውቅ ነበር። በ1928 የማድራስ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት ጸሐፊ ሆኖ መሥራት ጀመረ።

የ1929 የዕረፍት ወራት ሥልጠና

ማኅበሩ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ለሦስት ወራት የሚቆይ የበጋ ሥልጠና መክፈት ነበር። ሥልጠናው የተጀመረው በ1929፣ በሕንድ የሙቀቱ ወራትና የትምህርት ቤቶች ዕረፍት በሚሆንበት ጊዜ ነው። የጊዜው ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ሰው መደቡን ሳይለቅ፣ ደመወዙም ሳይቋረጥ ሊማር የሚችለው በዕረፍት ወራት ነው። በክረምት ኮርስ ሙያቸውን ያሻሻሉ የአገራችን መምህራን የዚህን አሠራር ጥቅም ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

የሥልጠናው መንፈስ ራንጋናታን በ1928 በንግግር ባሰማቸውና በ1931 በመጽሐፍ ባሳተማቸው አምስት ሕጎች ላይ የቆመ ነበር። የሕጎቹ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ መጻሕፍት የሚሰበሰቡት እንዲሠራባቸው ነው፤ ማንም ሰው የሚስማማውን መጽሐፍ ማግኘት አለበት፤ ማንኛውም መጽሐፍም አንባቢ ሊፈለግለት ይገባል፤ የአንባቢን ጊዜ በከንቱ ማባከን አይፈቀድም፤ ቤተ መጻሕፍትም እንደ ሕያው ነገር ዘወትር ያድጋል የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ካርድ መጻፍ፣ መጽሐፍ መመደብና መዝገብ መያዝ ራሳቸውን የቻሉ ግቦች አይደሉም። ሁሉም አንባቢንና መጽሐፍን ለማገናኘት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ናቸው። ሠልጣኙ መሣሪያውን ብቻ ተምሮ ዓላማውን ካልያዘ፣ ያው የቀድሞው ጠባቂ በተሻለ ሥርዓት የሚቆልፍ ሆኖ ይመለሳል።

ማስተማሩ መምህሩንም አስተማረው። ሥልጠናው በተጀመረ በ6 ዓመት ጊዜ ውስጥ ራንጋናታን ስለ አምስቱ ሕጎች በ1931፣ ስለ መጻሕፍት አመዳደብ በ1933፣ ስለ ካታሎግ አዘገጃጀት በ1934፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር በ1935 አራት ዐበይት መጻሕፍት አሳተመ። በዚህም የሕንድ ሠልጣኝ በባዕድ አገር ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምሳሌ ብቻ ከመከተል ዳነ።

ከሥልጠናው በኋላ የተከተለው

የማድራስን ተሞክሮ ልዩ የሚያደርገው ሥልጠናው ብቻውን አለመቆሙ ነው። አንደኛ፣ ማኅበሩ የጀመረውን ሥልጠና በ1931 ዩኒቨርሲቲው ተረከበው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ትጋት የአንድ ተቋም ግዴታ ሆነ። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት በማናርጉዲ አካባቢ መጻሕፍትን በበሬ በሚጎተት ጋሪ ላይ ጭኖ ከመንደር መንደር የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ለገጠሩ ሕዝብ መኪና አልተጠበቀም፤ በእጅ ያለው በሬና ጋሪ በቂ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛ፣ በ1948 የማድራስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ወጣ፤ ለአገልግሎቱ የሚውል ልዩ ቀረጥም ተደነገገ። ስለዚህ ሠልጥኖ የሚወጣው ሰው ሙያውን የሚሠራበት መደብና በጀት እንዲያገኝ መንገድ ተጠረገ።

የዚህ እድገት ሌላ ገጽታም መታየት ይኖርበታል። በ1937 ሥልጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ሆነ። የሙያው ክብር ከፍ ማለቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ዲግሪ የሌለው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራውን ትቶ መሄድም የማይችለው የትንሽ ትምህርት ቤት ሠራተኛ እንዲህ ካለው ትምህርት ውጭ ይሆናል። ከፍተኛው ትምህርት አጭሩን ሥልጠና የሚተካ ሳይሆን ከጎኑ የሚቆም መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

የአቺሞታ ተሞክሮ

ተቃራኒውን ለመረዳት ወደ አፍሪካችን እንመለስ። በ1944 የብሪታንያ የባህል ምክር ቤት ዛሬ ጋና በምትባለው አገር፣ በአቺሞታ ኮሌጅ ውስጥ ለምዕራብ አፍሪካ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ትምህርቱን የመሩት ኤቴል ፊጋን የተባሉ እንግሊዛዊት ነበሩ። ይህ ትምህርት ቤት ግን ከአንድ ዙር በላይ አልዘለቀም፤ ከዚያ በኋላ ሠልጣኞች ወደ እንግሊዝ አገር መላክን ያዙ። በ1953 ዩኔስኮ በናይጄርያ በኢባዳን ስለ አፍሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሴሚናር አካሄደ። በ1960 በኢባዳን፣ ቀጥሎም በዳካርና በማከሬሬ ቋሚ ማሠልጠኛዎች ተቋቋሙ። በማድራስና በአቺሞታ መካከል ያለው ልዩነት የሠልጣኞች ችሎታ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዙር ሁለተኛው የሚከተለው፣ ሥልጠናውን የእኔ ነው ብሎ በጀት የሚይዝለት የአገር ተቋም ሲኖር ነው።

ለእኛ ያለው ትርጉም

በአገራችን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር ሲያስተዋውቅ፣ የተማሩት እንዳይረሱ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ክፍሎች እንዲከፈቱ ተደርጓል። የባሮዳ ገዥ በ1906 ዓዋጅ ማግስት የገጠማቸው ጥያቄ እዚህም ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በማስተርስ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። ከፍተኛው ደረጃ በዚህ መንገድ ሲጠናከር፣ በወረዳ ትምህርት ቤት ቁልፍ የያዘው ሠራተኛስ ምን ሊሠለጥን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ለትምህርት ባለሙያው የተተወ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ችግር በግልጽ መነገር አለበት። መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በንብረት ሰነድ ተቆጥሮ ለአንድ ሰው ሲሰጥ፣ የጎደለውንም ያ ሰው ከደመወዙ እንዲተካ ሲገደድ፣ ሠራተኛው ቁም ሣጥኑን መቆለፉ አይደንቅም። ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ይህን ሰው ለሁለት ሳምንት አሠልጥኖ፣ መጽሐፍ ለአንባቢ ነው ብሎ አስተምሮ፣ ወደዚያው የንብረት ደንብ መመለስ ከንቱ ድካም ነው። በየመደርደሪያው በአገልግሎት ብዛት አርጅቶ የሚወገድና በተፈቀደ መጠን የሚጎድል መጽሐፍ እንዳለ ደንቡ ካልተቀበለ፣ ሠልጣኙ ከትምህርቱና ከደመወዙ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። የትኛውን እንደሚመርጥም የታወቀ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚተርፉ ነጥቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች በዕረፍት ወራት፣ ከሥራው በወጣና ቋንቋቸውን በሚያውቅ አሠልጣኝ ማስተማር በጥቂት ወጪ ብዙ ፍሬ ያስገኛል። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ዓመት ጠብቆ የሚመለስ እንዲሆን በአንድ ቋሚ ተቋም ዕቅድና በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ሲሠለጥን የሚሠራበትም ደንብ አብሮ መሻሻል ይኖርበታል።

ራንጋናታን በቁጠባ ያጠራቀመውን 100,000 ሩፒ፣ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት መምህርነት መንበር እንዲቋቋምበት ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ ሰጥቷል። በ1924 ወደ ክፍሌ መልሱኝ ሲል የነበረው መምህር ከሥራው የተረዳው ነገር ቢኖር፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል ተብሎ የተናቀው ሥራ የሚያስተምረው ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። በየትምህርት ቤታችን ያለው የተቆለፈ ቁም ሣጥንም የሚከፈተው በቁልፍ ብቻ ሳይሆን በሠለጠነ ሰውና በተስተካከለ ደንብ መሆኑን አውቀን ዕቅዳችንን እንድናወጣ ያስፈልጋል።