ከባታን እስከ ታኮማ፦ የሻምበል ሆሴ ካሉጋስ ሕይወትና የዘማቾች ውለታ

የሻምበል ሆሴ ካሉጋስ ስም በብዛት የሚነሳው ከአንድ ቀን ውሎ ጋር ነው። ይህ መጣጥፍ ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን ኑሮ ይመለከታል። መከራከሪያዬም ካሉጋስን ከነቤተሰባቸው አሜሪካ ያደረሳቸው ጀብዱ ብቻ ሳይሆን በ1930 የፈጸሙት ቅጥር ጭምር ነው የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ካሉጋስ በ1907 ማብቂያ በፊሊፒንስ፣ በኢሎይሎ አውራጃ፣ ሌዮን በተባለች ስፍራ ተወለዱ። እናታቸውን በልጅነታቸው አጡ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አቋርጠውም ቤተሰብ ለመደጎም ሥራ ገቡ። በ1930 የተቀጠሩት በፊሊፒንስ ስካውት ነው። ይህ ክፍል በ1901 የተቋቋመ፣ ተራ ወታደሮቹ ፊሊፒናውያን የሆኑ የአሜሪካ መደበኛ ጦር አካል ነበር። በኦክላሆማው ፎርት ሲል መድፈኝነት ሠልጥነው አገራቸው ተመለሱ፤ በፎርት ስቶትሰንበርግ ጦር ሰፈር ሳሉም ትዳር መሠረቱ።

ጃፓን ፊሊፒንስን ስትወር ካሉጋስ በ88ኛው የመድፈኛ ሬጅመንት የአንድ ባትሪ (የመድፈኛ ንዑስ ክፍል) ወጥ ቤት ኃላፊ፣ በማዕረግ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1942፣ በባታን ልሳነ ምድር ኩሊስ አጠገብ፣ የሌላ ባትሪ መድፍ ተመትቶ ዝም አለ፤ ተኳሾቹም ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ካሉጋስ ማንም ሳያዛቸው አረር በሚዘንብበት ሜዳ 1000 ያርድ ሮጠው ደረሱ። ፈቃደኞች አሰባስበውም መድፉን መልሰው አስተኮሱት። የአሜሪካን ከፍተኛ የጀብዱ ኒሻን ያገኙት በዚህ ነው።

ባታን ኤፕሪል 9 ቀን እጅ ስትሰጥ ካሉጋስ ብዙዎች ያለቁበትን የሞት ጉዞ በእግራቸው አልፈው ኦዶኔል በተባለው የምርኮኞች ሰፈር ታሰሩ። በ1943 መጀመሪያ ተፈተው በጃፓኖች ሥር በሩዝ ወፍጮ ቤት እንዲሠሩ ተደረገ። እዚያ ሆነው በድብቅ ከአርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። ይህ ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መስመር ይታለፋል፤ በእኔ ግምት ግን ከኩሊሱ ሩጫ ይበልጣል። በኩሊስ ለማሰብ ፋታ አልነበረም። በወፍጮ ቤቱ ግን የእስርን ምንነት የቀመሰ ባለትዳርና አባት በየማለዳው አስቦበት ነበር ሕይወቱን የሚያስይዘው።

ኒሻኑ በ1945 ተሰጣቸው፤ የመኮንንነት ማዕረግና የአሜሪካ ዜግነትም ተከተለ። በኦኪናዋ አገልግለው ወደ አሜሪካ ተዛወሩ፣ በ1957 በሻምበልነት ጡረታ ወጡ፣ በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማም ከቤተሰባቸው ጋር ኑሮ መሠረቱ። በልጅነታቸው ለቤተሰብ ሲሉ የተዉትን ትምህርት ቀጥለው በ1961፣ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው፣ ከፒዩጄት ሳውንድ ዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ አስተዳደር ተመረቁ። ከዚያም በቦይንግ ኩባንያ ሠሩ። ያረፉት በ1998 እዚያው ታኮማ ነው።

ይህን ሕይወት የብርታት ውጤት ብቻ አድርጎ ማንበብ በጎናቸው የተዋጉትን ይሰውራል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጁላይ 1941 የፊሊፒንስ ኮመንዌልዝ (በአሜሪካ ሥር የነበረው የአገሪቱ አስተዳደር) ጦር በአሜሪካ ዕዝ ሥር እንዲገባ አዘዙ፤ ወታደሮቹም በዚያው በባታን ተራቡ፣ ቆሰሉ፣ ተማረኩ። በፌብሩዋሪ 1946 የጸደቀው ሕግ ግን የእነዚህ ወታደሮችና ዕውቅና ያገኙ አርበኞች አገልግሎት ለአብዛኛው የዘማች ጥቅማጥቅም እንዳይቆጠር ደነገገ። ከጦርነቱ በፊት የተቀጠሩት ስካውቶች መደበኛ ወታደር ስለነበሩ ሕጉ አልነካቸውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ተኩሰው አንዱ ጡረታ ሲቆረጥለት ሌላው ባዶ እጁን ቀረ። ይህ በደል ነው፤ ለስለስ ያለ ቃል አይገባውም።

ፍልሰቱም በዚሁ የቅጥር ልዩነት ተወሰነ። በ1934 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ለፊሊፒናውያን የተፈቀደው የመግቢያ ኮታ በዓመት 50 ሰው ነበር፤ በ1946 ወደ 100 ከፍ አለ። ለተከለከሉት ዘማቾች የዜግነት በር የተከፈተው በ1990 ነው። ብዙዎቹ በስተርጅና ብቻቸውን መጥተው፣ በጠባብ ክፍል በጋራ እየኖሩ፣ ለልጆቻቸው ቪዛ ዓመታት ጠበቁ። በ2009 የአሜሪካ ዜጋ ለሆኑት 15,000፣ ዜጋ ላልሆኑት 9,000 ዶላር የአንድ ጊዜ ክፍያ ተወሰነላቸው። ቪዛ የሚጠባበቁ የዘማቾች ልጆች ተራቸው ሳይደርስ ገብተው ወላጆቻቸውን እንዲጦሩ የፈቀደው አሠራር የተጀመረው በ2016 ነው፤ ያኔ በሕይወት የነበሩት ዘማቾች አብዛኞቹ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር።