የይለፍ ቃልና ጊዜያዊው ፋይል

የኮምፒውተር የይለፍ ቃል የተወለደው ማሽኑ ውድ፣ ፈላጊው ብዙ በነበረበት ዘመን ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1961 ሲቲኤስኤስ የተባለውን ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። ሥርዓቱ የአንድን ኮምፒውተር ጊዜ እየሸነሸነ ለብዙ ሰዎች ያድል ነበር። ማሽኑ የጋራ ሲሆን የእያንዳንዱ ፋይልና የተመደበለት ሰዓት ከሌላው መጠበቅ ነበረበት። የተገኘው መፍትሔ የበር ዘበኛ የሚያውቀው ነው፤ ስሙንና ቃሉን የተናገረ ያልፋል፣ ያልተናገረ ይመለሳል።

ተርሚናሎቹ በወረቀት ላይ የሚጽፉ የጽሕፈት መኪኖች ነበሩ። ተጠቃሚው ቃሉን ሲመታ ፊደሎቹ ወረቀት ላይ እንዳይወጡ ሥርዓቱ የማተሚያውን ክፍል ያቆመው ነበር። ቃሉ በሚገባበት ቅጽበት እንዲህ ይሸሸግ እንጂ፣ የሁሉም ሰው ቃል የሰፈረበት ዝርዝር ሳይመሰጠር እንደማንኛውም ጽሑፍ ተቀምጦ ነበር። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተፈቀደለት ሰዓት ስላልበቃው ዝርዝሩ እንዲታተምለት በባለቀዳዳ ካርድ አዘዘ፤ ማሽኑም አተመለት።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ያስተማረው ግን ማንም ሳያስበው የደረሰው አደጋ ነው። የሲቲኤስኤስ አርታኢ ፕሮግራም አንድ ፋይል ሲከፈት ዋናውን ሳይነካ ጊዜያዊ ቅጂ ያዘጋጃል፤ እርማቱ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። የቅጂው ስም ምንጊዜም አንድ ነበር። በአንድ ማውጫ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው ተብሎ ስለታሰበ ይህ ማንንም አላሳሰበም። የሥርዓቱ ሠራተኞች ሲበዙ ግን በአንድ ማውጫ አብረው መሥራት ጀመሩ። በ1960ዎቹ ውስጥ በአንድ ቀን፣ አንዱ አስተዳዳሪ ለተጠቃሚዎች ሁሉ የሚታየውን የዕለቱን መልእክት ሲያርም፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር ያርም ነበር። ሁለቱ ጊዜያዊ ቅጂዎች ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ በሰላምታው ምትክ የባልደረቦቹን ቃል በሙሉ በተርሚናሉ ወረቀት ላይ ታትሞ አገኘ። የታተመ ወረቀት ደግሞ ተመልሶ አይሰበሰብም። ሌባ የለም፣ ሰባሪ የለም፤ ምሥጢሩን ያወጣው መጻፊያው ራሱ ነው። ኮርባቶ የ1990ውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህን ታሪክ አንስቶታል።

መደምደሚያው ግልጽ ነበር፦ ዝርዝሩ አንድ ቀን መታየቱ ስለማይቀር፣ ቢታይም የማይጠቅም መሆን አለበት። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ኒድሃምና ማይክ ጋይ ቃሉን ወደ ኋላ በማይፈታ ስሌት ለውጦ የማስቀመጥን ዘዴ አስቀድመው በ1960ዎቹ ተጠቅመውበታል። በቤል ላቦራቶሪዎች በተሠራው፣ ዩኒክስ በተባለው ሥርዓትም የመጀመሪያው ዝርዝር ግልጽ ቃሎችን ይዞ ነበር፤ ቆይቶ ተመሰጠረ። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ የሲቲኤስኤስን አደጋ ጠቅሰው፣ የሰበሰቧቸውን 3,289 ቃሎች መረመሩ። አጫጭሮቹንና በመዝገበ ቃላት የሚገኙትን በመሞከር ብቻ 86 በመቶው ተገኙ፤ አሥራ አምስቱማ ባለአንድ ምልክት ነበሩ። ስለዚህ ስሌቱ ሆን ተብሎ 25 ጊዜ እንዲደጋገምና እንዲዘገይ ተደረገ። በእያንዳንዱ ቃል ላይም «ጨው» የተባለ የዘፈቀደ ቁጥር ተጨመረ፤ ያው ቃል ከ4,096 መልኮች በአንዱ ይመዘገባል። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ቢመርጡም ከዝርዝሩ ላይ አይታወቅም ማለት ነው፤ ጨዉ በአጋጣሚ ካልገጠመ በስተቀር።

አርታኢውም ተገራ። በበርክሌይ በተሠራው ዩኒክስ «ቪፒደብልዩ» የተባለ ትእዛዝ መጣ። ዝርዝሩን ከመክፈቱ በፊት ይቆልፈዋል፤ ሁለተኛ ሰው መጥቶ ሊያርም ቢፈልግ ይከለከላል። የሲቲኤስኤስ ሁለት አስተዳዳሪዎች ያጡት ይህችን ቁልፍ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የተመሰጠሩት ቃሎች ማንም ከሚያነበው ፋይል ወጥተው፣ አስተዳዳሪው ብቻ ወደሚከፍተው ተዛወሩ።

የጊዜያዊ ቅጂው ጣጣ ግን አላለቀም። ቪምም ሆነ ኢማክስ የተባሉት አርታኢዎች፣ መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይባክን ያልተቀመጠውን ጽሑፍ በዲስክ ላይ በሌላ ፋይል ይይዙታል። በዚያ የተጻፈ የይለፍ ቃል ዋናው ሰነድ ከተመሰጠረ ወይም ከተሰረዘ በኋላም ዱካው ሊቀር ይችላል። በ2012 የወጣው «ፓስ» የተባለ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ለዚህ የዘየደው መላ ቀላል ነው። ቃሉን በተጠቃሚው አርታኢ እንዲታረም ሲከፍተው ጊዜያዊ ፋይሉን ዲስክ ላይ ሳይሆን በማሽኑ ማህደረ ትውስታ ላይ ያኖረዋል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል። ይህ ቦታ ካልተገኘም ቅጂው በዲስክ ላይ ሊቀር እንደሚችል ተጠቃሚውን ያስጠነቅቀዋል።