ባሩድና ዝናብ፦ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ አያያዝ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ታሪክ ውስጥ

(በመካነ ሰላም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በሌላ አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሎ ተመልክቷል።)



ስለ ጦር መሣሪያ የሚጻፈው ታሪካችን ብዙውን ጊዜ ቆጠራ ነው። ማን ስንት ነፍጥ ነበረው፣ ከየት አመጣው፣ በስንት ብር ገዛው እያልን እንጽፋለን። ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይለያል፤ በእጅ ያለው ጠመንጃ በተፈለገበት ሰዓት ይተኩስ ነበርን? ባሩዱ ደረቅ፣ አፈሙዙ ንጹሕ፣ የተኳሹም እጅ የሠለጠነ ነበርን? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ የአያያዝ ጥያቄዎች ይመስላሉ። ሆኖም ከዐባይ ሸለቆ እስከ በሽሎ፣ ከቦረናና ከአማራ ሳይንት እስከ መቅደላ በተዘረጋው ደጋ የውጊያን መልክ ከወሰኑት ነገሮች መካከል ናቸው። በንግግሬ መጨረሻ እንደማሳየውም ጉዳዩ ያለፈ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም በየቤቱ ግድግዳና በየዕቃ ቤቱ ከተቀመጡት አሮጌ ጠመንጃዎች ጋር የሚኖር ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው።

፩. ነፍጥ ወደ ደጋው ሲወጣ

«ነፍጥ» እና «ባሩድ» የሚሉት ቃላት ከዐረብኛ የተወረሱ ናቸው፤ መሣሪያውም የመጣው በቀይ ባሕር በኩል ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኢማም አሕመድ ሠራዊት የኦቶማን ነፍጠኞችን አሰለፈ። በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጥ ይዘው መጡ፤ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ኢማሙ የወደቁት ከዚህ ጦር የተረፉት በተካፈሉበት ውጊያ ነው። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ኋላ ሌላ የፖለቲካ ፍቺ ቢሸከምም በመነሻው የሙያ ስም ነበር፤ ነፍጥ ተሸክሞ፣ ነፍጥ አጉርሶ፣ ነፍጥ ተኩሶ የሚያድር ወታደር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዘመነ መሳፍንት የጠመንጃው ሥርጭት እኩል አልነበረም። ለምጽዋ ወደብ የቀረበው ትግራይ ብዙ ነፍጥ ሲኖረው፣ ወሎ በዋናነት የፈረሰኛ አገር ነበር። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ብዙ ነፍጥ ያሰለፉት ደጃዝማች ውቤ ከራስ ዓሊ ጋር ገጠሙ፤ ድል ካደረጉ በኋላም በድንገት ተማረኩ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ (እ.ኤ.አ. በ1841) ሸዋ የገባው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃዎችን አበረከተ። እንግዲህ ወሎ በሰሜንም በደቡብም ነፍጥ በሚያከማቹ ጎረቤቶች መካከል ነበረ። የወሎ ፈረሰኛ ለምን ይህን ያህል ዘመን ሳይደፈር ቆየ? መልሱን ለማግኘት ባሩዱን ራሱን መመርመር ይገባል።

፪. የባሩድ ጠባይ

ጥቁር ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። ከመቶው 75 እጅ የሚያህለው በሳይንስ ስሙ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለው ጨው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ጨው የሚገኘው የከብት ጽዳጅና ፍግ ለረጅም ዘመን ከበሰበሰበት አፈር ነው፤ አፈሩ በውኃ ታጥቦ፣ ውኃው ተጣርቶና ተፍልቶ ይወጣል። ከሰሉ ከቀላል እንጨት ይከሰላል። ሥራው ብልሃት ይጠይቃል፤ ጨዉ ካልጠራ ባሩዱ እርጥበት ይስባል፣ ድብልቁ ካልላመ ደግሞ ኃይሉ ይደክማል።

ባሩድ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ እሳትና ውኃ። አንዲት ፍንጣሪ ያለጊዜው ታስነሣዋለች፣ ጥቂት እርጥበት ደግሞ ታስተኛዋለች። በቀድሞው ነፍጥ ላይ የሚጤስ ገመድ ነበር፤ ተኳሹ ምላጩን ሲስብ የገመዱ ጫፍ ወርዶ በትንሿ ቀዳዳ አፍ ላይ ያለውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ነፍጠኛው ስለዚህ እሳትንና ባሩድን በአንድ ሰውነት ላይ ተሸክሞ ይጓዛል ማለት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ገመዱ ይጠፋል፣ በቀዳዳው አፍ ያለው ባሩድ ጭቃ ይሆናል።

አሁን የእኛን አገር አየር አስቡ። በዚህ ደጋ ክረምቱ ከባድ ነው፤ የማለዳው ጉም ከገደሉ ሥር ይነሣል። ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዐባይ ወይም ወደ በሽሎ የሚወርድ ሠራዊት በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሙቀት ይሻገራል፤ የቀዘቀዘ ብረትም ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኘው ውስጡ ያልበዋል። ወንዝ ሲያቋርጥ ባሩዱ ከራስ በላይ ካልተያዘ ጭነቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የደረቀ ሜዳና የጠራ ሰማይ ያገኘ ነፍጠኛ ፈረሰኛን ይመልሳል። ዝናብና ጉም ያገኘው ነፍጠኛ ግን የያዘው ከባድ ዱላ ነው። የፈረሰኛው ዘመን በወሎ የረዘመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። ብቸኛው ምክንያት ነው አልልም፤ ነገር ግን ከነፍጥ ቆጠራው ጎን ሊመዘን ይገባዋል።

፫. የማጉረስ ሥርዐት

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የሚተኮሰው በቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ ደረጃ ከተዛባ አደጋው የሚደርሰው በተኳሹ ላይ ነው። በቅድሚያ ባሩዱ በልክ ተሰፍሮ በአፈሙዙ ይፈስሳል። ከቀንዱ በቀጥታ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ከቀድሞው ተኩስ የቀረች ፍም በውስጥ ካለች እሳቱ ወደ ቀንዱ ወጥቶ እጅን ይወስዳል። ቀጥሎ ጨርቅ ወይም ሌላ መወተፊያ፣ ከዚያም የእርሳሱ አረር ይገባል። አረሩ በዘንግ ተገፍቶ ባሩዱ ላይ መቀመጥ አለበት። በባሩዱና በአረሩ መካከል ክፍተት ከቀረ ግፊቱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ አፈሙዙን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻም፣ ከሁሉ በኋላ ብቻ፣ ማቀጣጠያው ይዘጋጃል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ሁለት ጊዜ ማጉረስ ነው። በውጊያ ጫጫታ ውስጥ ጠመንጃው መተኮሱንና አለመተኮሱን ያላረጋገጠ ሰው በጎረሰው ላይ ደግሞ ያጎርሳል። ለዚህም የቀድሞ ተኳሾች በዘንጋቸው ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ ዘንጉ ባዶ አፈሙዝ ውስጥ እስከ የት እንደሚገባ፣ በጎረሰው ውስጥስ እስከ የት እንደሚቆም በዚያ ይታወቃል። ምላጭ ተስቦ ጠመንጃው ዝም ሲልም ወዲያው ዘወር ማድረግ አይገባም። እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ሊዘገይ ስለሚችል አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅንቶ መታገሥ ያስፈልጋል።

ከተኩስ በኋላ ያለው ሥራም ከዚህ አያንስም። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሹ የሚበልጠው ጭስ ሆኖ ይወጣል ወይም ጥላሸት ሆኖ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል እንጂ ግፊት የሚሰጥ አየር አይሆንም። ይህ ጥላሸት ጨው የተሞላ ነውና ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ጨውን ዘይት አያሟሟውም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ አፈሙዙ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ በጨርቅ እስኪነጣ ይወለወላል፣ ፈጽሞ ሲደርቅም በሞራ ወይም በሰም ይቀባል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

፬. መቅደላ

ይህ ሁሉ በጎላ ሁኔታ የታየው በዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለመግዛት በ1847 እና በ1848 ዓ.ም. መካከል ከዘመቱ በኋላ መቅደላን ምሽጋቸው አደረጉ። በጋፋት ዋልድማየርና ባልደረቦቹ መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አደረጉ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ መሣሪያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ጅጣንና በሽሎን አሻግረው እስከ መቅደላ ለማድረስ ወራት ፈጀባቸው፤ መንገዱንም እየቆፈሩ ነበር የሄዱት።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለቱ ስቅለት ነበር። የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከፋላ ተወርውሮ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ከላይ ሆነው ከተኮሱት መድፎች አንዱ፣ ከልኩ በላይ በመጉረሱ፣ ገና ሲተኮስ እንደ ፈነዳ በወቅቱ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ከቀትር በኋላም ነጎድጓዳማ ዝናብ ወረደ። የቴዎድሮስ ወታደሮች ከያዙት መሣሪያ ብዙው ነፍጥና ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር፤ ሁለቱም በአፈሙዝ የሚጎርሱ ናቸው። የናፒየር ወታደሮች ደግሞ ስናይደር ይዘው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስናይደር የቀድሞው የኤንፊልድ ጠመንጃ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1866 በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ኤንፊልድ የኋላውን ጫፍ ቆርጠው፣ መዝጊያ ገጥመው፣ በኋላው እንዲጎርስ አደረጉት። ብረቱ ያው ነው፣ ባሩዱም ያው ጥቁር ባሩድ ነው። የተለወጠው አጎራረሱ ነው፤ ባሩዱ በቀለህ ስለ ታሸገ ዝናብ አይነካውም፣ ልኩ አስቀድሞ ስለ ተሰፈረ ተኳሹ አይሳሳትም፣ ተኝቶም ማጉረስ ይቻላል። በአፈሙዝ የሚያጎርስ ሰው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ስናይደር የያዘው 10 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። በዚያ ዕለት ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፣ ገብርዬም ከወደቁት አንዱ ነው። ከእንግሊዝ ወገን 20 ቆስለው 2ቱ ሞቱ። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው የታሸገ ጥይት ነው። ቴዎድሮስም ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው አለፉ።

፭. ከሰናድር እስከ ዓድዋ

ሕዝባችን ስናይደርን «ሰናድር» ብሎ ለመደው። ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ካሳ መድፎችንና ከ700 የሚበልጡ ጠመንጃዎችን ትቶላቸው ሄደ፤ ካሳም በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር ብዙ ሬሚንግተን ተማረከ። ቀጥሎም የፈረንሳዩ ግራ፣ በአማርኛ «ውጅግራ»፣ በብዛት ገባ፤ ጥይቱም በአንዳንድ ገበያ እንደ ገንዘብ እስከ መቆጠር ደረሰ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ሲዘምቱ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ነፍጥ ከዋናው መሣሪያነት ወርዶ ነበር። ነገር ግን ሰናድርም ሬሚንግተንም ውጅግራም በጥቁር ባሩድ የሚተኮሱ ናቸው፤ ጥላሸቱ፣ ዝገቱና የፈላው ውኃ አብረው ቀጥለዋል። አሮጌው ነፍጥም አልተጣለም፤ ለአደን፣ ለሠርግና ለለቅሶ ተኩስ፣ ለአባት መታሰቢያ እየተባለ በየቤቱ ቀረ።

፮. ዛሬ በግድግዳ ላይ

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥቤ ያመጣኛል። ጥቁር ባሩድ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ኃይሉን አይለቅም። አያቶች ለሽፍታ ወይም ለአውሬ ብለው አጉርሰው የሰቀሉት ጠመንጃ ዛሬም ጎርሶ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ባሩድም የሞተ ባሩድ አይደለም፤ ሲደርቅ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም አሮጌ ጠመንጃ፣ ሌላው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እንደ ጎረሰ ይቆጠር። ከምድጃ በላይ አይሰቀል፤ ልጆች አይጫወቱበት፤ ማንም በአፈሙዙ ፊት አይቁም።

መጉረሱን ለማወቅ ከአፈሙዙ ጎን ቆሞ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በቀስታ እስኪቆም ማስገባት፣ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ምልክት ማድረግ፣ አውጥቶም ከውጭ በኩል ከብረቱ ጋር ማስተያየት ነው። ዘንጉ ከማቀጣጠያው ቀዳዳ ጥቂት ጣቶች ያህል ቀድሞ ከቆመ በውስጡ አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ በብረት መቆርቆር፣ በእሳት ማሞቅ፣ «ተኩሼ ልጨርሰው» ማለት ፈጽሞ አይገባም፤ ጠመንጃውን በቦታው ትቶ ፖሊስንና የቅርስ ባለሙያን መጥራት ይገባል። አሮጌ የባሩድ ቀንድም ባዶ ነው ተብሎ አይታመን። የዛሬውን ጭስ አልባ ባሩድ በአሮጌ አፈሙዝ ውስጥ መጨመር ደግሞ ቦምብ መሥራት ነው፤ ያ ብረት ለዚያ ግፊት አልተሠራም።

ባዶነቱ የተረጋገጠው ጠመንጃ እንደ ቅርስ ይያዝ። በሸካራ ወረቀት አይፈተግ፤ የሠሪው ማኅተም፣ የባለቤቱ ስም፣ የብሩ ጥልፍ ከዝገቱ ጋር ተፍቆ ይጠፋል። ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከእርጥበትና ከጭስ ርቆ፣ ብረቱ በስሱ ዘይት ተቀብቶ ይቀመጥ። መያዙም ሆነ ማስመዝገቡ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እና በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ይሁን። ደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰበትን ዘረፋ ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶው ያልተነሣ፣ መጠኑ ያልተለካ፣ ታሪኩ ያልተጻፈ ቅርስ አንድ ጊዜ ከጠፋ ዳግም አይጠየቅም።

ለተማሪዎቼ የምተወው ሥራም ይኸው ነው። ወደየቀበሌያችሁ ስትመለሱ «ስንት ጠመንጃ ነበራችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ባሩዱን ማን ያዘጋጅ ነበር? በክረምት የት ይቀመጥ ነበር? ዘንጉን፣ መወተፊያውን፣ የሚጤሰውን ገመድ በአካባቢያችሁ ምን ብለው ይጠሯቸው ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ቃላት የሚያውቁ አዛውንቶች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ ቃላቱም ከነርሱ ጋር ይሄዳሉ።