ጳጳሱ አልቀበልም ያለው ኑዛዜ

በጠና የታመመ አባል ቤት ለጸሎት ገብታችሁ፣ «ቤቴን ለቤተ ክርስቲያን ልናዘዝ እፈልጋለሁ» ብሎህ የሚያውቅ ሰው አለ? ካለ፣ ጥያቄው ከእኛ በፊት ብዙ አገልጋዮችን እንዳስጨነቀ እወቁ።

የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ማንም ሰው ሲሞት የወደደውን ንብረት ለቤተ ክርስቲያን እንዲያወርስ በሕግ ፈቀደ። ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ370፣ ለሮም ጳጳስ ለዳማሰስ የተላከ ሌላ ሕግ አገልጋዮች የመበለቶችን ቤት እንዳያዘወትሩ፣ በሃይማኖት ሰበብ ከተጠጓቸው ሴቶችም በስጦታም ሆነ በኑዛዜ አንዳች እንዳይቀበሉ ከለከለ። ጄሮም ስለዚህ ሕግ ሲጽፍ ያዘነው ሕጉ በመውጣቱ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ሕግ የሚገባን ሆነን በመገኘታችን ነበር። ክፍል ውስጥ እዚህ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ ዝም ይላሉ።

የሂፖው አውግስጢኖስ ግን ሕግ እስኪያስገድደው አልጠበቀም። ከእርሱ ጋር የሚኖሩ አገልጋዮች የግል ንብረት እንዳይኖራቸው ተስማምተው ነበር። ያኑዋሪዮስ የተባለው ቄስ ግን «የልጄ ነው» እያለ ገንዘብ ይዞ ኖረ፤ ሊሞት ሲል ደግሞ ሴትና ወንድ ልጆቹን ነቅሎ ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያን ተናዘዘ። አውግስጢኖስ አልቀበልም አለ፤ ነገሩንም በጉባኤ ፊት ዘርዝሮ ተናገረ። ሰዎች ያጉረመርሙበት ነበርና፦ ለሂፖ ቤተ ክርስቲያን ማንም የማይሰጠው ጳጳሱ ሁሉን ስለሚመልስ ነው ይሉ ነበር። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው የተወውን ውርስ ግን ተቀብሏል።

የመርከብ ባለቤት የነበረ ሰው ውርስንም አልተቀበለም። ይህ ምክንያት ለእኛ የበጀት ኮሚቴዎች በጣም ይጠቅማል። መርከቡ ቢሰጥም ከሞት የተረፉት መርከበኞች ለምርመራ በግርፋት ይሠቃያሉ፤ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ካሳ መክፈልም ይመጣል። ለዚህ የሚሆን ተቀማጭ አልነበረም፤ ጳጳስም ለማኙን እየመለሰ ወርቅ ማከማቸት የለበትም አለ።

በዚያው ስብከት የካርታጎውን ጳጳስ አውሬሊዮስን ያነሣል። ልጅ የሌለው፣ ተስፋም የቆረጠ አንድ ሰው ሀብቱን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ፤ በሕይወት እስካለ በፍሬው ሊጠቀም ብቻ፣ ሕጋችን የአላባ መብት የሚለውን ለራሱ አስቀረ። በኋላ ልጆች ተወለዱለት። አውሬሊዮስ ሰውየው ሳይጠይቀው ሀብቱን መለሰለት። በምድር ሕግ ግን ሊያስቀረው ይችል ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ልጆቹ ያውቁ እንደሆነ፣ ቤቱ ዕዳ እንዳለበት፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠው መጋቢም ምን ብሎ እንደነበረ ግን ምስክሮቹ አይጠየቁም። እነዚህን መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው፤ ከፊርማው በፊት፣ ቢቻል በሽተኛው ገና በጤናው ሳለ።