ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር የዕለት ተዕለት ኑሮን መምራት፦ ለወረታ ከተማና ለፎገራ ሜዳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

የፓርኪንሰን ሕመም እንቅስቃሴን የሚያዛባና ቀስ በቀስ የሚባባስ የአንጎል ሕመም ነው። የሚከሰተው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሕዋሳት እየተመናመኑ ሲሄዱ ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ ከጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ሕመሙን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፣ መድኃኒትን ሳያቋርጡና ሰዓቱን ጠብቀው በመውሰድ፣ አካልን በማንቀሳቀስና በቤተሰብ ድጋፍ ለብዙ ዓመታት ኑሮን መምራት ይቻላል።

የሕመሙ ምልክቶች

ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች እጅ ወይም እግር ባረፈበት ጊዜ የሚታይ መንቀጥቀጥ፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ የጡንቻ መገተርና ሚዛን መጠበቅ አለመቻል ናቸው። የድምፅ መለስለስ፣ የፊት ገጽታ መደንዘዝ፣ የእጅ ጽሕፈት ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ የእንቅልፍ መረበሽና ድብርትም ሊኖሩ ይችላሉ። መንቀጥቀጥ በሁሉም ታማሚ ላይ አይታይም። በዚህም ምክንያት ሕመሙ ብዙ ጊዜ የእርጅና ጠባይ ተደርጎ ይታለፋል።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የእርግማን ወይም የቡዳ ውጤትም አይደለም። ጠበል የሚጠመቅ ታማሚ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ጎን ለጎን መውሰዱን መቀጠል ይኖርበታል።

የመድኃኒት ሰዓትና ምግብ

ለሕመሙ በስፋት የሚታዘዘው ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር የተዋሐደበት እንክብል ነው። የመድኃኒቱ ኃይል ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚቆይ፣ አንድ መጠን ሲዘገይ ታማሚው መራመድ ወይም ልብሱን መልበስ ሊሳነው ይችላል። ስለዚህ የእርሻ፣ የገበያና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ መርሐ ግብር ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር ተጣጥሞ መያዝ ይኖርበታል። የሞባይል ስልክ ደወል ወይም በቤቱ ውስጥ ሰዓቱን የሚያስታውስ ሰው መመደብ ይረዳል።

እንደ ሥጋ፣ ወተት፣ ዓሣና ሽሮ ያሉ ፕሮቲን የበዛባቸው ምግቦች ሌቮዶፓ በአግባቡ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያደርጉ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ መውሰድ ይመረጣል። ማቅለሽለሽ ካስቸገረ ከጥቂት ዳቦ ወይም ሩዝ ጋር መውሰድ ይቻላል። የባቄላ እሸት በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው፤ መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ በመድኃኒት ምትክ ሊወሰድ አይገባም።

በዐቢይ ጾም፣ በረመዳንና በሌሎች የጾም ወቅቶች መድኃኒቱን መዝለል ወይም ሰዓቱን በራስ ውሳኔ መቀየር አደገኛ ነው። ታማሚው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር ሊመካከር ይገባል።

በአካባቢው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገራል። ነጭ ሩዝ አሰር ስለሚያንሰው የሆድ ድርቀት የሚያስቸግረው ታማሚ ጎመን፣ ፓፓያና ተልባ እንዲያዘወትር እንዲሁም በቂ ውኃ እንዲጠጣ ይመከራል።

ለክረምት የሚደረግ ዝግጅት

የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ሲፈስሱ በክረምት ከአፋቸው ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ። መንገድ በውኃ ሲቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦትም ይቋረጣል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ደግሞ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተርና ራስን መሳት ሊከሰት ይችላል፤ ይህም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ስለሆነም ቤተሰብ ከሰኔ አስቀድሞ ሐኪሙን በማነጋገር የክረምቱን ወራት የሚሸፍን መድኃኒት በእጁ ሊያስገባ ይገባል። መድኃኒቱ ውኃ በማያስገባ ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የሐኪም ማዘዣው ቅጂም አብሮ ይቀመጥ።

አካባቢው ወባ ያለበት ሲሆን ትኩሳት የፓርኪንሰንን ምልክቶች ያባብሳል። ታማሚው በአጎበር ሊተኛ፣ ትኩሳት ሲሰማውም ሳይውል ሳያድር ሊመረመር ይገባል።

በቤትና በማሳ

• ዝቅተኛ በርጩማ ለመነሣት ስለሚያስቸግር መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይመረጣል።
• ታማሚው ከመኝታው ሲነሣ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ መቆየት ይኖርበታል፤ በድንገት መነሣት ራስን አዙሮ ይጥላል።
• በመጸዳጃ ቤት የሚያዝ ጠንካራ እንጨት ይተከል፤ ሌሊት መብራት ይዘጋጅ።
• ቡናና ሌላ ትኩስ መጠጥ በሲኒ ሳይሆን እጀታ ባለው ትልቅ ኩባያ፣ በግማሽ ተሞልቶ ይቅረብ። የምድጃ ሥራ በሌላ ሰው ይሸፈን።
• እግር በበር ላይ ወይም በጠባብ ቦታ እንደ ተተከለ ሲቀር መጎተት አይገባም። ታማሚው ቆም ብሎ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ በመቁጠር ወይም መሬት ላይ ያለ መስመር እንደሚሻገር አድርጎ መራመድ ይችላል።
• በሩዝ ማሳ መካከል ያለው መተላለፊያ ቀጭንና አዳላጭ ስለሆነ ታማሚው ሸክም ይዞ ወይም ብቻውን ሊያልፍበት አይገባም። መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት በደረቅ መንገድ በየቀኑ በእግር መሄድ ግን ይጠቅመዋል።
• አንዳንድ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ከሕመሙ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ጥናቶች ያመለክታሉ። ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ያለ መከላከያ ልብስ መርጨት የለባቸውም፤ የኬሚካል ዕቃንም ለውኃ ወይም ለምግብ መጠቀም የለባቸውም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ምልክት የታየበት ሰው በመጀመሪያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። ሕመሙን በደም ምርመራ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የሚለየው ሐኪም የሕመሙን ታሪክ በመጠየቅና እንቅስቃሴን በመመርመር ነው። ለተጨማሪ ምርመራ ታማሚው በሪፈር ወደ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወደሚገኙት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ ቤተሰብ ለክትትል የሚቀርበውን ከሐኪሙ ጋር ሊመርጥ ይችላል።

ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን በየዓመቱ ማሳደስ ይኖርበታል፤ ወደ ሆስፒታል ሲሄድም መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን መያዝ አለበት።

ታማሚው ለሌላ ሕመም በሚታከምበት ጊዜ ሁሉ ፓርኪንሰን እንዳለበት አስቀድሞ መናገር አለበት። በተለይ ለማስመለስ የሚሰጠው ፕላሲል እንዲሁም ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ምልክቶቹን ያባብሳሉ።

በአፋጣኝ ወደ ሕክምና መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ምግብ ወይም ውኃ መዋጥ ሲያቅት፣ ታማሚው ወድቆ ጭንቅላቱ ሲመታ፣ የሌለ ነገር ሲታየው ወይም ሲቃዥ፣ እንዲሁም መድኃኒት ካቋረጠ በኋላ ትኩሳትና ከፍተኛ መገተር ሲታይበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ተስፋ የመቁረጥ ስሜትም የሕመሙ አንድ አካል ስለሆነና ሕክምና ስላለው ታማሚውም ሆነ አስታማሚው ለጤና ባለሙያ ሊናገሩት ይገባል።