ለጦርነት የተገዙ ሰዎች፦ የደካን ሐበሾችና ከነጻነት በኋላ የመጣው የማንነት ጥያቄ



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ ተማሪ ነው። ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጥቶ በልብ ወለድና በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ስላገኛቸው ፍጡራን አጫወተኝ። ለውጊያ ብቻ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ እናት የላቸውም፣ አገር የላቸውም፣ ልጅነትን አላዩም። ጦርነቱ ሲያበቃ «ከእንግዲህ ነጻ ናችሁ» ይባላሉ። ያን ጊዜ ግራ ይገባቸዋል፤ ከውጊያ በቀር የተማሩት ሥራ፣ ከሠሪዎቻቸው በቀር ስም ያወጣላቸው ወገን የለምና። ተማሪው «እንዲህ ያለ ነገር በእውነተኛው ታሪክ ደርሶ ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ደርሷል፤ ከደረሰባቸውም ሰዎች አንዳንዶቹ የሄዱት ከዚህ ከእኛ ምድር ነው» አልሁት። የዛሬው ንግግሬ ያችን አጭር መልስ ለማፍታታት የሚደረግ ሙከራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ወታደር እንዴት «ይሠራል»?

ሰውን ገዝቶ ወታደር ማድረግ በእስላሙ ዓለም ጥንታዊ ሥርዓት ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት የዐባሲዱ ኸሊፋ አል ሙዕተሲም ከመካከለኛው እስያ ቱርኮችን በብዛት እያስመጣ ሠራዊቱን በእነርሱ አጠናከረ። በግብጽ «መምሉክ»፣ ማለትም በሰው እጅ የተያዘ ንብረት፣ ይባሉ የነበሩት ወታደሮች በ1250 ራሳቸው መንግሥቱን ያዙ፤ በ1260 በዐይን ጃሉት ሞንጎሎችን ድል ነሡ፤ እስከ 1517ም ገዙ። ኦቶማኖችም ከባልካን ክርስቲያን ቤተሰቦች ወንዶች ልጆችን እየወሰዱ የየኒቸሪ ጭፍራቸውን ያቆሙ ነበር።

ገዢዎችን ወደዚህ ሥርዓት የገፋቸው ስሌት ግልጽ ነው። ንጉሥ አብዝቶ የሚፈራው የራሱን ዘመድና የራሱን መኳንንት ነው። ከሩቅ የመጣ ልጅ ግን በዚያ አገር አጎት የለውም፣ ርስት የለውም፣ የሚሸሽበት መንደር የለውም። የሚያበላው፣ የሚያስተምረውና የሚያስታጥቀው አንድ ጌታ ብቻ ነው። እንግዲህ የዚህ ወታደር ዋጋው ከጉልበቱ ይልቅ ዘመድ የለሽነቱ ነበር። የተገዛውም ክንዱ ብቻ ሳይሆን ብቸኝነቱ ጭምር ነው።

ይህን ብቸኝነት ለማጽናት መጀመሪያ የሚለወጠው ስም ነበር። በእኛ ዘንድ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለእነዚህ ልጆች ስም ያወጣላቸው ነጋዴ ነው። በሰነዶች ውስጥ የምናገኛቸውን እንመልከት፦ ያቁት ማለት ዕንቍ ነው፤ መርጃን ዛጎል መሰሉ ቀይ የባሕር ጌጥ ነው፤ ካፉር መዓዛው የታወቀ ሙጫ ነው፤ ዐንበር ከባሕር አውሬ ሆድ የሚወጣ ሽቱ ነው። ሁሉም በመርከብ ተጭነው የሚሸጡ ውድ ዕቃዎች ናቸው። ስሞቹ ለጆሮ ያማሩ ይሁኑ እንጂ፣ የአባትን ስም ሽረው በሸቀጥ ስም የተኩ ናቸው።

ከቻፑ ወደ ዐንበር

የህንድ ጥጥ ጨርቅ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ ነበር፤ ከዚህም በኩል ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ይሄድ ነበር። በ1520ዎቹ በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከዳሞት የሚወሰዱ ባሮች በዐረብ፣ በፋርስና በህንድ ሳይቀር የሚፈለጉ እንደ ነበሩ ጽፏል። ከዚያ በኋላ የመጣው የኢማም አሕመድ ዘመን ጦርነትና እርሱን ተከትሎ የሆነው የሕዝብ መፈናቀል የምርኮኛውን ቁጥር እንዳበዛው አያጠራጥርም።

በ1548 ገደማ የተወለደ አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ሄደ። የትውልድ ቦታው ያከራክራል፤ ከሐረር አካባቢ ነው የሚሉ አሉ፣ ከከንባታ ነው የሚሉም አሉ። በኋላ ዘመን በአካል ያገኘው ሆላንዳዊው ነጋዴ ፒተር ቫን ደን ብሩከ እንደ መዘገበው የልጅነት ስሙ «ቻፑ» ነበር፤ በሞካ ገበያም በ80 ዱካት ተሸጧል። ወደ ባግዳድ ተወሰደ፤ በዚያ የገዛው ነጋዴ አስተማረው፣ አሰለመው፣ ዐንበር ብሎም ሰየመው። ከዚያ ወደ ደቡብ ህንዱ ደጋ፣ ወደ ደካን፣ ተሻግሮ ለአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ለጭንጊዝ ኻን ተሸጠ። ጭንጊዝ ኻን አንድ ሺህ ያህል ሐበሻ ባሮች ነበሩት። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ በባርነት የመጣ ሐበሻ መሆኑ ነው።

ተማሪዎቼ በዚህ ነጥብ ላይ ቆም እንዲሉ እፈልጋለሁ። ትናንት የተሸጠው ዛሬ ገዢ ነው። ይህ ሥርዓት ሰውን ወደ ከፍታ ያወጣ ነበር፤ የሚያወጣው ግን ያንኑ ሥርዓት እያስቀጠለ ነው።

ጌታው ሲሞት

ጭንጊዝ ኻን በ1570ዎቹ አጋማሽ ሞተ፤ ባለቤቱም ዐንበርን ነጻ አወጣችው። ነጻነት መጣ፤ ነገር ግን ምን ይዞ መጣ? ርስት አልነበረም፣ ዘመድ አልነበረም፣ መመለሻ መንገድም አልነበረም። የነበረው ፈረስ መጋለብና ጦር ማዘዝ ነው። ዐንበር ሚስት አገባ፤ ወደ ጎረቤቱ የቢጃፑር መንግሥት ሄዶ በቅጥር አገለገለ፤ «መሊክ» የሚለውን ማዕርግም በዚያ አገኘ። በ1590ዎቹ አጋማሽ ወደ አሕመድናጋር ሲመለስ አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ፈረሰኞች ይከተሉት ነበር።

የደካንን ባሮች ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ሪቻርድ ኢተን የሚያሳዩት አንድ ልዩነት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በግብጽ መምሉክነት የሚታደሰው በአዲስ ግዢ ነበር። የመምሉክ ልጅ ነጻ ሆኖ ስለሚወለድ ከአባቱ የጦር ማዕርግ በአብዛኛው ይገለል ነበር፤ ወገኑ ራሱን የሚተካው በመውለድ ሳይሆን በገበያ ነው። በደካን ግን ሐበሻው ወታደር ጌታው ሲሞት ነጻ ይወጣል፤ የአገሬውን ሰው ያገባል፤ ቤት ይሠራል፤ ልጆቹ ደካኒ ሆነው ያድጋሉ። ደካን የባሕር ማዶዎቹ የፋርስ መጤዎችና የአገሬው ልጆች የሚሻኮቱበት ቤተ መንግሥት ነበረው። ሐበሾቹ እነርሱም መጤዎች ሆነው ሳለ፣ የተሰለፉት ከአገሬው ወገን ጋር ነበር። ፋርሱ ሲከፋው ይመለሳል፤ ሐበሻው ግን ቤቱ እዚያው ስለሆነ ለዚያው ይዋጋል።

በ1600 የአሕመድናጋር ምሽግ በሞጉሎች እጅ ሲወድቅ መሊክ ዐንበር ከንጉሣውያኑ ዘር አንድ ወጣት ፈልጎ ሙርተዛ ኒዛም ሻህ ዳግማዊ ብሎ አነገሠው፤ የገዛ ሴት ልጁንም ዳረለት። የተሸጠው ልጅ የንጉሥ አማች ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሩብ ምዕት ያህል የሞጉልን ሠራዊት ከደካን ደጃፍ መለሰ። ከሐበሾችና ከአገሬው ደካኖች፣ በተለይም ከማራታ ፈረሰኞች፣ ጦሩን አቆመ፤ ከከባድ ፍልሚያ ይልቅ ስንቅ በመቁረጥና በሌሊት አደጋ በመጣል ጠላትን አደከመ። በኋላ የማራታን መንግሥት የመሠረተው የሺቫጂ አባት ሻሃጂ፣ በ1624 በባትቫዲ ጦርነት ከመሊክ ዐንበር ጎን ተሰልፎ ነበር።

ከጦርነቱ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ሌላው ሥራው ነው። በ1610 ኻድኪ የተባለች ከተማ ቆረቆረ፤ ከኮረብታዎቹም በምድር ውስጥ ቦይ ውኃ አስገባላት። የመሬት ግብሩንም እንደ ምርቱ መጠን እንዲሆን አስተካከለ። ለማፍረስ የተገዛ ሰው ለመገንባት ጊዜውን ሰጠ። ነጻ የወጣ ወታደር «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ውኃ የምታጠጣ ከተማ ትቶ ማለፍ።

ያልታጠበ ስም

ይሁን እንጂ ሥልጣን የባርነትን ስም አላጠበለትም። ቫን ደን ብሩከ የመዘገበው አንድ የቤተ መንግሥት ጠብ አለ። የንጉሡ ፋርሳዊት ሚስት የዐንበርን ልጅ «ባሪያ» ብላ ሰደበቻት፤ አባቷንም አዋረደች። ልጅቷ ለአባቷ ላከችበት። እርሱም በ1610 ንግሥቲቱንም ንጉሡንም በመርዝ አስገደላቸው፤ በምትካቸውም የንጉሡን ሕፃን ልጅ አነገሠ። ይህን የምጠቅሰው መሊክ ዐንበርን እንደ ቅዱስ ሥዕል ሰቅለን እንዳንሰግድለት ነው። አሳዳጊው ሥርዓት ያስተማረውን ጭካኔ እርሱም ተጠቅሞበታል። ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ ይልቃል፤ ያ አንድ ቃል ከሠላሳ አምስት ዓመት ነጻነት በኋላም፣ ነጻ ሆና በተወለደች ልጁ ላይ ሳይቀር ይቆርጥ እንደ ነበር ያሳየናል።

የሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊርም በሜዳ ሊያሸንፈው ያልቻለውን ሰው በሥዕል አሸነፈው። በ1616 ገደማ አቡል ሐሰን በተባለው ሠዓሊ የተሠራውና ዛሬ በደብሊን የሚገኘው ሥዕል፣ ጃሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሞ በጦር ጫፍ የተሰካውን የዐንበርን ራስ በቀስት ሲወጋ ያሳያል። ያ ራስ ከአንገቱ ተለይቶ አያውቅም። ዐንበር በ1626 ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በተፈጥሮ ሞት ዐረፈ፤ በኹልዳባድም በክብር ተቀበረ። የጃሃንጊር የልጅ ልጅ አውረንግዜብም ዘግይቶ እዚያችው ከተማ ውስጥ ተቀብሯል። የዐንበር ከተማ ኻድኪም በእርሱው ስም አውረንጋባድ ተባለች፤ በቅርቡም ሌላ ስም ተሰጥቷታል። ስም መለወጥ ከሰውየው አልፎ ለከተማውም ደርሷል ማለት ነው።

ወገን ወዴት ሄደ?

የዐንበር ልጅ ፈትሕ ኻን በ1633 ለሞጉሎች እጁን ሰጠ፤ በ1636ም የአሕመድናጋር መንግሥት ፈጽሞ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በህንድ የነበሩት አፍሪካውያን አንድ መንገድ አልያዙም። የደካኖቹ በብዛት በጋብቻ ተዋሕደው ከሰነድ ላይ ጠፉ። ሌሎች ከሙምባይ በስተ ደቡብ ባለችው የጃንጂራ ምሽግ ደሴት የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ፤ እነ ሺቫጂ ሊደፍሯት ሞክረው አልቻሉም፣ ገዢዎቿም እስከ 1948 ቆይተዋል። በጉጃራት ያሉት ሲዲዎች ባባ ጎር በተባለው ቅዱሳቸው መቃብር ዙሪያ ተሰባስበው ጎማ የሚሉትን ጭፈራ ጠብቀዋል፤ ቃሉም ከስዋሂሊው ንጎማ፣ ከከበሮ፣ ጋር የሚዛመድ ነው። በካርናታካ ጫካዎች የሚኖሩት ብዙዎቹ ከፖርቱጋሎች ጎዋ ካመለጡ ባሮች የመጡ ናቸው፤ ሂንዱም፣ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም አለባቸው። በ2003 ከመንግሥት ድጋፍ የሚገባቸው ጎሣዎች ተርታ ተመዝግበዋል።

አራቱም መንገዶች፣ ማለትም መዋሐድ፣ መንገሥ፣ በዜማና በእምነት መሰባሰብ፣ በሕግ ፊት መታወቅ፣ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ማንኛቸውም ግን ወደ ቀድሞው መንደር መመለስ አልነበሩም። የጠፋው ማንነት አልተገኘም፤ ሌላ ማንነት ተሠራ እንጂ።

የእኛ ድርሻ

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልመለስ። ዛሬ መሊክ ዐንበርን «ህንድን ያንቀጠቀጠ ኢትዮጵያዊ» እያልን በኩራት እንጠራዋለን። ኩራቱን አልነቅፍም። ነገር ግን «ሐበሺ» የሚለው ስም ከውቅያኖሱ ማዶ የተሰጠ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የመጡ ሌሎች ሕዝቦችም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ቻፑ በተወለደበት መንደር ሳለ ራሱን ሐበሻ ይል ነበር ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለንም። በዚያን ጊዜ ከደጋው መንግሥት አንጻር እርሱና ወገኖቹ ሊማረኩና ሊሸጡ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። የባሪያ ንግዱን መርከበኞች ብቻቸውን አላካሄዱትም፤ ከመሀል አገር እስከ ወደብ ያደረሱት፣ ቀረጥ የቀረጡት፣ በሕግም የፈቀዱት እዚሁ ነበሩ።

ስለዚህ «የእኛ ነው» ስንል ሁለቱንም ልንል ይገባል። ዝናው የእኛ ከሆነ ሽያጩም የእኛ ነው። ሲሸጥ ወገኑ ያልሆንን፣ ስሙ ሲገንን ወገኑ ነን ማለት ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ ለሁለተኛ ጊዜ በሰውየው መጠቀም ነው።

ለተማሪዬ የምሰጠው የተሟላ መልስም ይኸው ነው። ለጦርነት የተሠራ ፍጡር በልብ ወለድ ውስጥ «ማን ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ሠሪው መልስ ሊሰጠው ይችላል። በታሪክ ግን ሰው ለጦርነት አይሠራም፤ አስቀድሞ ሰው ነበር፣ እናትም ነበረችው፣ ስምም ነበረው። ከነጻነት በኋላ የሚያስፈልገው የሚፈጥረው ሰው አልነበረም፤ የተወሰደበትን የሚያውቅለት ሰው ነበር እንጂ። ከቻፑ የልጅነት ዘመን ለእኛ የደረሰን ያ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱንም የጻፈው የሆላንድ ነጋዴ ነው። ከዚህ ያሉት ሌሎች ስሞች በየገዳሙና በየመስጊዱ መዛግብት፣ በሽማግሌዎችም አንደበት፣ ገና የሚፈለጉ ናቸው። ከመካከላችሁ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ያጣ ካለ ከዚህ ይጀምር።